የፍሬኑ ጥያቄ

ጉዳዩ በጠቅላላ ያስወጣኝ ይህ ነው፦ መጋዘን ውስጥ የሻገተ በርበሬ፣ ፊቱን ወደ ሌላ ነጋዴ ያዞረ የመርካቶ ደንበኛ፣ ክረምት ሲገባ የሚያነክሰኝ ጉልበት። ወጪውን አስቀድሜ የተናገርኩት በልማድ ነው። ትርፉን አስቀድሞ የሚነግራችሁ ሰው ሊሸጥላችሁ የፈለገው ነገር አለ።

የታሰርኩት ሱቄን በመዝጋቴ ነው። በዚያ ቀን ቡታጅራ ውስጥ ያልዘጋ አልነበረም፤ ሰዉ ለመንግሥት ያለውን ጥያቄ የጠየቀው ቤቱ ተቀምጦ ነው። እኔ የዘጋሁት ለአንድ ቀን ነበር። ክፈት ሊሉኝ መጡና እኔን ወስደው ሱቁን ራሳቸው አሸጉት። እስከወጣሁ ድረስ አልተከፈተም። በመዝጋትስ እነሱ በለጡኝ።

የገባሁበት ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። መጀመሪያ ያየሁት ወለሉን ነው፤ ደረቅ ሲሚንቶ፣ ከላይ ጠባብ የአየር ማስገቢያ፣ የማያፈስ ቆርቆሮ። ለበርበሬ ቢሆን ተከራይቼው ነበር። ለሰው ግን ጠበበ። አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም ይገላበጣል።

የደረሰኝ ቦታ ከአንድ ወጣት አጠገብ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ አስፋልት ላይ ጎማ ሲቃጠል ቆሞ ሲያይ ተያዘ። ክፍሉ በሙሉ «ተማሪው» ይለዋል። ስለ ፍርድ ቤት አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ከፈተናው በፊት ይለቁን ይሆን?» ተፈታኞችን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚወስደው አውቶቡስ ማንንም አይጠብቅም። ሌላውን ትምህርት አይፈራም፤ የሚያስፈራው ፊዚክስ ነው።

ወረቀትና እስክሪብቶ ክልክል ነው። ስለዚህ ጣቱን ውኃ እየነከረ ሲሚንቶው ላይ ያሰላል። ፀሐይ ስትበረታ ግን መልሱ ሳይደርስ ጥያቄው ይደርቅበታል።

«ጋሼ፣ ቁጥሩን እርስዎ ይያዙልኝ» አለኝ አንድ ቀን። «ነጋዴ ቁጥር አይረሳም ይባላል።»

«ያበደርኩትን አልረሳም። የተበደርኩት ላይ እንጃ።»

እንዲህ ጀመርን።

«አንድ መኪና በሰዓት ሰባ ሁለት ኪሎ ሜትር እየሄደ ፍሬን ቢይዝ…»

«የጫነው ምንድን ነው?»

«ጋሼ፣ ጭነቱ አልተሰጠም።»

«ጭነቱን የማያውቅ ሹፌር ምን ዓይነት ሹፌር ነው?»

«አያስፈልግም እኮ። ፍጥነቱ በየሰከንዱ በአምስት ይቀንሳል ተብሏል። ይበቃል።»

በሌላው ጥያቄ ደግሞ «ሰበቃ የለም እንበል» ይላል። ሰበቃ ማለት ዕቃ ከወለል ጋር ሲፋተግ ጉዞውን የሚይዘው ነው። ከኬላው እስከ ደላላው፣ እኔ ሰበቃ የሌለበት ቦታ አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ግን ዝም አልኩ። መልሱ ላይ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። «ዘጠና ስምንት» ሲለኝ «መቶ እናድርገውና እንለያይ» እለዋለሁ።

«ጋሼ፣ ፊዚክስ ክርክር የለውም።»

ባለቤቴ በየቀኑ ቆጮ በኮባ ጠቅልላ በዘንቢል ትልክልኛለች። ተማሪው አንድ ቀን የእንሰቱን ቅጠል በጃኬቱ ዚፕ ጫፍ ጫር ቢያደርገው፣ ጭረቱ ቆየት ብሎ ጠቆረ። ከውኃው ይልቅ ይህ ይቆያል። ፖሊሶቹ ደግሞ ቆጮውን በእንጨት ይወጉታል እንጂ ቅጠሉን የሚያየው የለም።

በእኛ ቤት ኮባ አይጣልም፤ ፍየሏ ትበላዋለች። ስለዚህ ሁልጊዜ አጥፌ በዘንቢሉ እመልሰዋለሁ። አንድ ቀን ተማሪው ጥግ እስከ ጥግ የሠራበትን ኮባ በልማድ አጥፌ ከተትኩት። ዘንቢሉ ከሄደ በኋላ ነው ያወቅነው። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በጠያቂ ቀን ባለቤቴ ከአጥሩ ወዲያ ቆመች። በመካከላችን ፖሊስ አለ።

«አባታቸው፣ መልእክትህ ደርሶኛል» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«የምን መልእክት?»

«አስነበብኩት። ፍሬኑ ላይ ተሳስተሃል።»

ፖሊሱ ዞር አለ። «የምን ፍሬን ነው?»

«የመኪና» አልኩት።

«መኪና አለህ?»

«እኔም እሱን ልጠይቀው ነው የመጣሁት» አለች ባለቤቴ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮባውን ለፍየሏ ልትሰጥ ስትል ጭረቱን አየች። ከእሷ የደበቅኩትን ሒሳብ የተናዘዝኩ መስሏት፣ ጎረቤታችን ወደሆኑት የፊዚክስ መምህር ይዛው ሮጠች። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ካነበቡ በኋላ፣ «ባልሽ በሰዓት ያለውን ወደ ሰከንድ አልቀየረም። አርባ ሜትር ላይ መቆም ያለበትን መኪና ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ አስኬዶታል» አሏት።

«ታዲያ ምን ልበለው?»

«ይቀይር በይው።»

ለተማሪው ስነግረው ሳቀ። ከገባሁ ጀምሮ ሲስቅ ሳየው ያ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ በኋላ ኮባው ይመላለስ ጀመር። መምህሩ ጥያቄ ጭረው ይልካሉ፤ ተማሪው መልስ ጭሮ ይልካል። ያጣችው ፍየሏ ብቻ ናት።

ፈተናው ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው አንድ አዲስ ፖሊስ ቅጠሉን ገለበጠው። ዘንቢሉ የእኔ ስለነበር መርማሪው ፊት የቀረብኩት እኔ ነኝ። ኮባው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፦ ዳገት፣ ዳገቱ ላይ ሣጥን፣ ከሣጥኑ የሚወጡ ቀስቶች፣ ከሥር መኪናና የሚቆምበት ርቀት።

«ይህ መንገድ የት ነው? መኪናውን የሚያስቆመው ማነው?» አለኝ።

የጠረጠረው ያኔ ገባኝ። ተማሪው ነው የጻፈው ብል አልዋሸሁም። ግን የዚያኑ ዕለት ጠዋት የሚለቀቁ ሰዎች ስም ሲጠራ የእሱም ነበረበት። ቅጠሉ ከስሙ ጋር ከተያያዘ አውቶቡሱ ያለ እሱ ይሄዳል።

«የእኔ ነው» አልኩት።

«አንተ የበርበሬ ነጋዴ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«እስከ ስንት ተምረሃል?»

«ስድስተኛን ጀምሬ ነበር።»

«እንግዲያው አስረዳኝ።»

ጉልበቴ ያኔ አብጧል፤ እንዴት እንዳበጠ እዚህ አልጽፍም። ተቀመጥ አልተባልኩም። ጠረጴዛው ላይ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ነበር። «ይፈቀዳል?» ብዬ ጣቴን ነከርኩ። ሰባ ሁለቱን ወደ ሰከንድ ቀየርኩ፤ ሃያ። ሃያን በሃያ አባዛሁ፤ አራት መቶ። የአምስት እጥፍ አሥር ነው፤ ለአሥር አካፈልኩ። አርባ ሜትር። ዳገቱ ጋ ስደርስ ቆምኩ።

«ይህኛው ገና አልገባኝም።»

መርማሪው ውኃው እስኪደርቅ አየው። ከዚያ ሣጥኑን በጣቱ ነካና «ሰበቃ የለም ነው የሚለው?» አለኝ።

«የለም እንበል ነው የሚለው።»

ሊስቅ ነበር መሰለኝ፤ ተወው። «እስኪጣራ ትቆያለህ» አለና አስወጣኝ።

ተማሪው ሲሰማ ተነሣ። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ ልበላቸው።»

«ብለህስ? ዳገቱን ልታስረዳቸው ነው? ተቀመጥና ጫማህን እሰር።»

በሩ ተከፍቶ ስሙ ሲጠራ እጄን ያዘኝ፤ መልቀቅ አቃተው።

«በሰዓት ያለውንስ?» አልኩት።

«ወደ ሰከንድ፣ ጋሼ።»

«በል ሂድ።»

እኔ እስኪጣራ ቆየሁ። ቅጠሉ የመርማሪው ካዝና ውስጥ ደርቆ ተሰባበረ አሉ፤ እኔ ግን ማስረጃዬ ከተሰባበረም በኋላ እዚያው ነበርኩ። የጎደለኝ የለም አልልም። ዘንቢሉ ሲመጣ ኮባውን ዘርግቼ አየዋለሁ፤ ባዶ ነው። በባዶው ቅጠል ደስ ይለኝ ነበር፤ ልጁ ፈተና ላይ ነው ማለት ነው።

አሁን ሱቁ ክፍት ነው። ተማሪው ለመስቀል ወደ ቤተሰቦቹ ሲመጣ እኔ ጋ ይገባል፤ በርበሬ ጆንያ ላይ ይቀመጥና ዳገቱን ያስረዳኛል። ወላሂ፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ገባኝ ካልኩት ቶሎ ይሄዳል ብዬ ደግሜ እጠይቀዋለሁ።

በፊዚክስ ሃምሳ ሦስት አመጣ። ማለፊያው ሃምሳ ነበር። ሦስት ተረፈ።