ኮንትራባሱ ወደ ካዛንቺስ የሄደ ዕለት

ቅዳሜ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ መስቀል ፍላወር

በሬን ስቆልፍ ስልኬ ጮኸ። ካፌዎቹ ገና ወንበር አላወጡም። የደወለው የኦርኬስትራችን ኮንትራባስ ተጫዋች ነው። የመኪና በር ጣቶቹን ጨፍልቆበት እጁ በጄሶ ታስሯል።

"ጋሼ፣ በቃ ሌላ ሰው ይፈልጉ" አለኝ።

የት አባቴ ላምጣ? ሃያ ዓመት ለማስታወቂያ፣ ለፊልም፣ ለመዘምራን ዜማ ስጽፍ፣ በአዳራሽ ደግሞ የሌሎችን ድርሰት ስመራ ኖሬያለሁ። ዛሬ 10 ሰዓት ላይ የራሴ ሙሉ ድርሰት ለመጀመሪያ ጊዜ ካዛንቺስ ይቀርባል። መክፈቻው ደግሞ ኮንትራባስ ብቻውን ነው። ቢሆንም አይሰረዝም።

1 ሰዓት፣ ቂርቆስ

ከእኔ ቁመት የሚበልጠው ይህ ባለ አራት አውታር መሣሪያ የሚያድረው እናቴ ቤት ነው፤ አዳራሹ ማስቀመጫ የለውም። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ በቆርቆሮ አጥሮች መሃል፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መንገድ ገባሁ። እናቴ ኮንትራባሱን ሶፋው አጠገብ አቁማ ጋቢ አልብሳዋለች።

"ዛሬስ ነይ" አልኳት።

"አንዴ መጥቼ አይቼሃለሁ። ያን ሁሉ የተከበረ ሰው ጀርባ ሰጥተህ ቆመሃል። እኔ ነኝ የተሳቀቅሁት።"

መሪ ፊቱን ወደ ተጫዋቾቹ እንደሚያዞር ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ። "በጎን ብትቆምስ?" ትለኛለች። ይህ ነገር ሁሌም ያናድደኛል፣ ያሳዝነኛልም። ጓዙን ብቻዬን እንደማልችለው ስታይ ግን ነጠላዋን አነሳች።

"እስከ አዳራሹ በር ድረስ ነው" አለች።

2 ሰዓት ተኩል፣ ታክሲ ውስጥ

ሁለት ሚኒባሶች አይተውን አለፉ። ሦስተኛው ቆመ።

"ፋዘር፣ ፍሪጅ ነው?" አለ ሾፌሩ።

"የሙዚቃ መሣሪያ ነው።"

"እንግዲያው የሦስት ሰው ይከፍላሉ።"

ከፈልኩ። የኮንትራባሱ አንገት የእናቴ ትከሻ ላይ አረፈ።

"ቀስ በል ልጄ፣ ይጋጫል" አለችው ሾፌሩን።

"እማማ፣ ሰው አስመሰሉት እኮ።"

"የሦስት ሰው አስከፍለህ የለ እንዴ?"

ተሳፋሪው ሳቀ። እሷ ወደ እኔ ዞራ ማን እንደሚጫወተው ጠየቀችኝ። ጉልበቴ ላይ የመክፈቻውን ዜማ የሚረግጡትን ጣቶቼን አየሁ። በወጣትነቴ በሠርግ ባንድ ይህንኑ መሣሪያ እጫወት ነበር።

"እኔ" አልኳት።

4 ሰዓት፣ ካዛንቺስ

ከሆቴሎቹ ፊት ወርደን ወደ አዳራሹ ተሸከምነው። እኔው እንደምጫወት ስነግራት የመጀመሪያ ቫዮሊን ተጫዋቿ ሳሮን ኮንትራባሱንና እኔን አየች።

"ጋሼ፣ ታዲያ ማን ይመራል?"

"አንቺ። ወንበርሽ ላይ ሆነሽ በደጋንሽ ታስጀምሪያለሽ።"

"ማለቴ... የምርዎን ነው?"

"እስክንይዘው እንለማመዳለን።"

አምስት ጊዜ ተበላሸ። በስድስተኛው ያዝነው። የጣቶቼ ቆዳ ተልጧል፤ በፕላስተር ጠቀለልኳቸው። "እስከ በሩ ድረስ" ብላ የነበረችው እናቴ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጋቢውን ታጥፋለች።

10 ሰዓት፣ መድረክ

የመሪው ቦታ ባዶ ነው። እኔ ከሁሉም ኋላ ኮንትራባሱን አቅፌ ቆሜያለሁ፤ ፊቴ ወደ ሕዝቡ ነው። ከሠርግ ባንዱ ወዲህ እየሠራሁ የሰው ዓይን ሳይ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ፈራሁ። እናቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ አለች። ሳሮን ደጋኗን አነሳች፤ ጀመርኩ።

አንድ ቦታ ተሳሳትኩ፤ ማንም አልቆመም። እስከ መጨረሻው ሄድን።

ጭብጨባው ሲያበቃ እናቴ ጋቢውን ይዛ ወደ መድረኩ መጣች። ኮንትራባሱን እያለበሰች ፊቴን አየችው።

"ስትሠራ እኮ ቁርጥ አባትህን ነህ" አለች። "ይህን ሁሉ ዓመት ይህን ፊትህን ደበቅከኝ።"