የመቶ አለቃው ሽንኩርት

ማቀዝቀዣዬን ስከፍት ከታችኛው መሳቢያ የደረቀ አፈርና የወረቀት ሽታ ይወጣል። ክብረ መንግሥት ያለው ቤቴ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ እዚያ ያስቀመጥኩት ነገር ሽንኩርት ይመስለዋል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ለወጥ ልትከትፈው ስትል ከእጇ ቀማኋት። መርዝ ነው አልኳት። እውነቴን ነው፣ ቢበሉት ያማል። የቀማኋት ግን ለዚያ ብቻ አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው ነገሌ ነው። እናቴ ጦር ሰፈሩ አካባቢ ለሚኖሩ ቤተሰቦች ወተት ታቀርብ ነበር። እኔ ለትምህርት የደረስኩ፣ ግን ትምህርት ቤት ያልገባሁ ልጅ፣ የወተቱን ዕቃ፣ ጮጮውን፣ ተሸክሜ እከተላታለሁ። ከደንበኞቿ አንዷ ከደጋ የመጣች የመቶ አለቃ ሚስት ነበረች። ባሏ ለኮርስ ውጭ አገር ሄዶ ሲመለስ፣ ሌላው ቴፕ ሲያመጣ፣ እሱ በወረቀት ከረጢት ሽንኩርት የሚመስሉ የአበባ ኮረቶች ይዞላት መጣ። ዳፎዲል ይባላል አላት። ብዙም ሳይቆይ ወደ ሰሜን ግንባር ተላከ። ሲሄድ፣ «አበባዋን ሳላይ አልቀርም» ብሏት ነበር። ሴትዮዋ ይህን ለማንም አላወራችም፤ ለእኔ የነገረችኝ ፊደል እያስቆጠረችኝ ሳለ ነው።

ዳፎዲል ብርድ ትፈልጋለች። አፈር ውስጥ በርዷት ከርማ፣ ብርዱ ሲያልፍ ነው የምታብበው። ነገሌ ላይ ያን ያህል ብርድ ከየት ይመጣል? ሴትዮዋ የሀገያው ዝናብ በመስከረም መጨረሻ ሲጀምር ከረጢቱን ይዛ የመኮንኖች ክበብ ሄደችና ከቢራውና ከለስላሳው ኋላ ማቀዝቀዣው ውስጥ ሸጎጠችው። አስተናጋጁ ባገኛት ቁጥር ይነዘንዛታል።

«እትዬ፣ ሽንኩርትዎን መቼ ነው የሚወስዱልኝ? ቢራው ወጥ ወጥ ማለት ጀመረ እኮ!»

«ታገሥ፣ ገና ክረምት ላይ ናት።»

ቦናው፣ ደረቁ ወቅት፣ ሲገባ አወጣቻት። የዘይት ቆርቆሮ ሥሩን በምስማር ቀዳደን፣ አፈሩን በአሸዋ ቀላቅለን፣ ሹል ጫፏን ወደ ላይ አድርገን የቁመቷን ሦስት እጥፍ ያህል አጥልቀን ቀበርናት። የጠዋት ፀሐይ ብቻ የሚያገኛት ግድግዳ ሥር አስቀመጥናት። «ውኃ አታብዢባት፣ ትበሰብሳለች» ትለኛለች። እጄ ላይ የቀረው የእርጥብ አሸዋ ጠረን ዛሬም አለ።

በየካቲት አንድ ጠዋት አበበች። ቢጫ፤ መሐሏ እንደ ትንሽ ሲኒ። እናቴ ጎንበስ ብላ አየቻት።

«ላም አይበላው፣ ሰው አይበላው። ታዲያ ለምኑ ነው?»

«ለዓይን ነዋ፣ እናቴ» አለቻት ሴትዮዋ።

«እንግዲህ ዓይንሽ ይጥገብ!» ብላ ሳቀች።

መቶ አለቃው ለአጭር ፈቃድ ሲመጣ አበባዋ ደርቃ እንደ አሮጌ ወረቀት ተጨማድዳ ነበር። «አመለጠችኝ» አለ። ሚስቱ፣ «ለከርሞ ታያታለህ» አለችው። ቅጠሉ በራሱ ጊዜ ቢጫ ሆኖ እስኪወድቅ መቆረጥ የለበትም፤ ለመጪው ዓመት አበባ ስንቅ የሚያጠራቅመው እሱ ነው። ይህን ስትለው እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። እናቴ አልነበረችም።

የሚሄድበት ጠዋት ግን መጣች። በእኛ ዘንድ መንገደኛ የሚመረቀው እርጥብ ሣር በእጁ ተደርጎ ነው። እርጥብ ነገር ሰላም ነው፣ ዝናብ ነው። መቶ አለቃው «እማማ» እያለ የሚጠራት ሰው ስለነበር ባዶ እጁን ልትሸኘው አልፈለገችም። እንግዲህ ልብ በሉ፣ የቦናው ማብቂያ ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ቡናማ ነው፣ አጥሩ ሥር እንኳ አንድ አረንጓዴ ዘለላ የለም። ዞር ዞር ብላ ፈለገች። ከዚያ ቆርቆሮውን አየች።

የቢላዋ ድምፅ ሰማሁ። ጮጮውን ይዤ ነበር፤ አላስቀመጥኩትም። ቅጠሉን ከሥሩ ሙልጭ አድርጋ ቆርጣ በሁለት እጁ አስያዘችውና እንትፍ እንትፍ አለችበት።

«ናጋን ጋሊ። በሰላም ሂድ፣ በሰላም ግባ።»

እሱ ሚስቱን አያት። የእሷ እጅ ትንሽ ተነሳና ወደ ነጠላዋ ተመለሰ።

«አሜን በሉ እንጂ!» አለች እናቴ።

«አሜን» አለች ሚስትየው። እሱም አሜን ብሎ ቅጠሉን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። መኪናው እየጠበቀው ነበር።

በዓመቱ ኮረቶቹ እንደገና ማቀዝቀዣ ገቡ፣ እንደገና ተተከሉ። ብርዱም አፈሩም አልጎደለም። የወጡት ቀጫጭን ቅጠሎች ብቻ ናቸው።

መርዶው ሲመጣ እናቴ ከብት ተከትላ ወደ ዘመዶቿ ወጥታ ነበር። ሰዎቹ ገብተው ተቀመጡ። የማስታውሰው ወተቱን ነው፤ ምድጃው ላይ ገንፍሎ ፈሰሰ፣ አረረ፣ ማንም አላነሳውም። እኔም አላነሳሁም።

ሚስትየው ወደ አገሯ ልትሄድ ዕቃዋን ስትጭን ቆርቆሮውን ሰጠችኝ። «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት» አለችኝ። «ምርቃቷ ይቆይላት።» ስለ ቅጠሉ ምንም አላለችም።

እናቴ ስትመለስ የሴትዮዋ ቤት ባዶ ነው። «ባሏ ገባና ወሰዳት?» አለችኝ።

«ገባ» አልኳት።

እናቴ አሁን ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፤ ዓይኗ ደክሟል። ኮረቶቹ በዝተዋል። አንዳንድ ዓመት ያብባሉ፣ አንዳንድ ዓመት ቅጠል ብቻ። በቀደም ደጅ ተቀምጣ ቅጠሉን በመዳፏ ዳበሰችው።

«ያ መኮንን በሰላም ገባ ነው ያልሽኝ?»

«ገባ፣ አዮ።»

«ሣሬ ሠርቷላ» አለች።

እስክትነሳ ጠበቅኋት። ከዚያ ቆርቆሮውን ወደ ጥላው መለስኩት። ቅጠሉ ቢጫ ለመሆን ገና ብዙ ይቀረዋል።