ጳጉሜን ስድስት

ትዝታ በሶማሊዎች አገር፣ ዳሚ በሚባለው ሰፈር ከሚኒባስ ስትወርድ ገና መንጋቱ ነበር። በእጇ ባለው ፌስታል ውስጥ ለልጇ ለናኦድ የገዛችው ቢጫ ሸሚዝ አለ። እንዳይጨማደድባት ፌስታሉን እንደ እንቁላል ነው የያዘችው።

ናኦድ ሦስት ዓመቱ ነው። አባቱ በበርበራ በኩል ባሕር ተሻግሮ ድምፁ ከጠፋ፣ ልጁም ጡት ከተወ ወዲህ የምታሳድገው የድሬዳዋዋ ሀሊማ ናት። ትዝታ ሰው ቤት ተቀጥራ እዚያው ስለምታድር ልጇን የምታየው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። አሠሪዋ ኸድራ ልጅ እንዳላት እንኳ አታውቅም፤ ልጅ ያላትን ሠራተኛ ማን ያስጠጋል ብላ ደብቃታለች። እናቷ በሕይወት ሳለች «አዲስ ዓመት እንዳገኘሽ ነው የሚያከርምሽ» ትላት ነበር። እና ዘንድሮ ዓመቱ ልጇን አቅፋ እንዲያገኛት ቆርጣ፣ ከሐምሌ ጀምራ ስትለምን ከርማ፣ ሴፕቴምበር አሥራ አንድን አስፈቀደች።

ሀሊማ በደጇ ሳምቡሳ ስትጠብስ አገኘቻት።

«እንኳን አደረሰሽ!» አለች ትዝታ።

«አቦ፣ ለምኑ?»

ከጎን ካለው ክፍል ጎረቤቷ ግንበኛው ዓለምብርሃን የሥራ ጫማውን እያጠለቀ ብቅ አለ። «ምነው ትዝታ፣ ቸኮልሽ! ዘመነ ሉቃስ መሆኑን ረሳሽው? ዛሬ እኮ ጳጉሜን ስድስት ናት። በዓሉ ነገ ነው። ይኸው እኔም ሥራ ልሄድ ነው።»

ትዝታ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። ዓመቱን ሙሉ ቀን የሚነግራት በኸድራ ወጥ ቤት የተሰቀለው የፈረንጅ ካላንደር ነው። አምናም ካቻምናም በዓሉ አሥራ አንድ ላይ ስለዋለ ሁልጊዜ እንደዚያ መስሏት፣ በአራት ዓመት አንዴ ጳጉሜን አንድ ቀን እንደምትጨምር ዘነጋችው።

ስልኳን አውጥታ ደወለች። «ኤዶ ኸድራ» አለች በሶማሊኛ፣ አክስቴ ማለቷ ነው፤ «በዓሉ ነገ ሆነ። ዛሬ ልመለስና ነገን ብትለቂኝ…»

ኸድራ ሳቀች። «የእኛስ ኢድ ጨረቃ ሲጠበቅ ነው የሚዘገየው። የእናንተን ምን አዘገየው?» ወዲያው ሳቋ ቆመ። «ነገ የባሌ ዘመዶች ከቡርዖ ይመጣሉ። አንቺ ከሌለሽ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

ሀሊማ ሁሉንም ሰምታለች። «ለልጁ ምን ይለየዋል? ዛሬ አልብሺውና ዛሬ በዓል ይሁን። ነገ ደግሞ ወላሂ፣ እኔ አጥቤ አስጌጬ አውለዋለሁ።»

«እሱ ባያውቅ እኔ አውቃለሁ» አለች ትዝታ። ሀሊማ ክፉ አልተናገረችም፤ ያመማት ደግነቷ ነው።

ናኦድ ዓይኑን እያሻሸ ከቤት ወጣ። እናቱን አየና ሄዶ በሀሊማ ቀሚስ ተሸጎጠ።

ትዝታ ረፋዱን ሁሉ ከሀሊማ ጋር ሊጥ ስትዳምጥ ዋለች። ከሰዓት በኋላ ድንገት ብድግ ብላ የልጁን ልብሶች በፌስታሉ ከተተች።

«የት ልትወስጂው ነው?»

«ወደምሠራበት።»

«ያ ረቢ! ብታባርርሽስ?»

«ታባርረኛ!» ድምፁ የራሷ አልመሰላትም።

ሀሊማ አልተከራከረችም። ሦስት ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልላ ለልጁ አስያዘችውና ፊቷን ወደ መጥበሻው አዞረች።

ኸድራ የግቢውን የብረት በር ስትከፍት ናኦድ ዘይት በዘይት ሆኖ ቆሟል።

«ይሄ የማን ነው?»

«የእኔ። ልጄ ነው፣ ኤዶ።»

ኸድራ ልጁን አየች፤ ከዚያ ትዝታን አየች። «ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ማዕድ ስንበላ ዋሸሽኝ።»

ትዝታ የልጁን የዘይት እጅ በነጠላዋ ጠረገች።

«እንግዶቹ እስኪሄዱ ይቆይ። ከዚያ በኋላ ያለውን እናያለን። ብቻ እንዳያለቅስብኝ።»

በማግሥቱ፣ የአዲሱ ዓመት ጎህ ሲቀድ ናኦድ በማያውቀው ክፍል ነቃና ሀሊማን እየጠራ አለቀሰ። ትዝታ አፉን በመዳፏ ልትሸፍነው ቃጣትና እጇን መለሰች። ቢጫውን ሸሚዝ አለበሰችው፤ እጅጌው ትንሽ ረዝሞበታል። «እንኳን አደረሰህ» አለችው በጆሮው። ለቅሶውን ቀጠለ። በነጠላዋ አዝላው ወጣችና እንግዶች ሳይመጡ ግቢውን ትጠርግ ጀመር። ለቅሶው ቀስ በቀስ ወደ ሳግ ወረደ። ጎንበስ ስትል እንዳይወድቅ አንገቷን በሁለት እጁ ጭምድድ አድርጎ ያዘ።

ከኋላዋ የኸድራ በር ሲከፈት ሰማች። ዞር አላለችም፤ መጥረጓን ቀጠለች።