ለእሱ የመለስኩት ሰላምታ

ባለቤቴ ከግንባር ሲመለስ አካሉ ሙሉ ነበር፤ የጠፋው ድምፁ ነው። ሐኪሞቹ ጉሮሮው ምንም አልሆነም አሉ። በሰፈራችን በቦሌ ሚካኤል ደግሞ ሰላምታ ቶሎ አያልቅም፤ እንዴት አደርክ ተብሎ ጤናህስ፣ ልጆችስ ይከተላል። እሱ ዝም ብሎ ሲቆም እኔ ስለማፍር፣ ፈጠን ብዬ «ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን።

ከዚያ ያቺ ሴት መጣች። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይታ፣ ከጦርነት የተመለሱ ሰዎችን በከሰል መሳል ታስተምራለች። መናገር ያቃተው በእጁ ይጀምር ባይ ናት። ቆንጆ መሆኗን ግን ማንም አልነገረኝም፤ ሄጄ ራሴ አየሁ።

በሳምንት ሦስት ቀን ይሄድና ፊቱ ፈታ ብሎ፣ እጅጌው ጠቁሮ ይመለሳል። ያንን ከሰል የማጥበው እኔ ነኝ። እያሸሁ እረግማታለሁ።

አንድ ቀን አብሮት የሚማር ጎረቤታችን ደስ ይላታል ብሎ፣ ባሌ ትናንት እንደተናገረ አበሰረኝ። ያቺን ሴት ከሰል አቀብዪኝ ብሏታል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። ስጠብቀው የኖርኩትን ድምፅ ለሷ ሰጣት፤ ያውም ለከሰል። ቅናት አንገበገበኝ።

በነጋታው ትምህርቱ ሲያበቃ ሄድኩ። እሱ ደጅ እጁን ይታጠባል። ገብቼ ባሌን ልቀቂልኝ አልኳት። ሳትቆጣ ሥዕሎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልኝ። የሷን መልክ ፈለግኩ፤ የለም። ሁሉም ላይ የኛ በር አለ፤ ጎረቤቶች ቆመዋል፤ መሃል ላይ እኔ አፌን ከፍቼ አወራለሁ። አጠገቤ የቆመው ሰውዬ ዓይን አለው፣ ጆሮ አለው፣ የሸሚዙ ቁልፍ ሳይቀር ተስሏል። አፍ ግን የለውም።

«እኔ የተለየ ነገር አላደረግኩም» አለችኝ። «እጠይቀዋለሁ፤ ከዚያ እስኪመልስ እጠብቀዋለሁ።»

እውነቷን ስለሆነ ይበልጥ ጠላኋት።

አብረን ስንመለስ ወሎዬው ባለሱቅ እንደ ልማዱ እንዴት ነህ፣ ጤናህስ አለው። መልሱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ከንፈሬን ነከስኩ። ባለሱቁ እኔን አየ፣ እሱን አየ። አንድ አውሮፕላን ከላያችን አልፎ ድምፁ እስኪጠፋ ሦስታችንም ቆምን።

«ደህና አይደለሁም» አለው ባሌ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ደህና ነው ስል የኖርኩት እኔ፣ አጠገቡ ቆሜ ሰማሁ። ይህን መጀመሪያ የነገረው ግን ለባለሱቁ ነው። በእሱም ቀናሁ።