የፍየሉ ድምፅ እኔ ነበርኩ

ስደተኛ ሁሉ «በሌሊት ወጣሁ» ይላል። እኔ ከድሬዳዋ የወጣሁት ከቀኑ በስምንት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ የሚቀሩት ፀሐይና አህያ ብቻ ናቸው፤ ሰዉ ጫቱን ይዞ ጋደም ብሏል። የቀበሌያችን ሊቀመንበርም፣ ጥበቃዎቹም ጋደም ብለዋል። አብዮቱ ራሱ በስምንት ሰዓት ትራስ ይደገፍ ነበር ብል አልዋሸሁም። ታናሽ እህቴ ፈቲያ ጎረቤት እንዳይጠረጥር ብላ እስከ በር እንኳ አልሸኘችኝም። ዳቦና ተምር በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝና «ስትደርስ ደውል» አለችኝ፤ ልክ ሐረር ደርሶ እንደሚመለስ ሰው።

ወንጀሌን ልንገራችሁ። ፍየል ነው።

ሥራዬ ከዚራ ሰፈር በነበረ ሲኒማ ቤት ውስጥ ማስተርጎም ነበር። ከዋናው ፊልም በፊት አጭር ካርቱን ይታያል፤ የባቡር ጣቢያ ሹም ባርኔጣ የደፋ፣ አጥንቱ የወጣ ፍየል። ስሙ ቢኬ ነው። ድሬ ውስጥ ፈረንጅ ሁሉ «ሙሴ» ስለሚባል እኛም «ሙሴ ቢኬ» አልነው። ይበላል እንጂ አይናገርም። ትኬት ይበላል፣ የሹማምንት ኮፍያ ይበላል፣ አንዴ የሙሽራ ቬሎ ሙሉውን በልቷል። ድምፅ ስላልነበረው ድምፅ የምሰጠው እኔ ነበርኩ። ከሸራው ጎን ማይክ ይዤ ቆሜ በአማርኛ እጀምራለሁ፣ በኦሮምኛ እሳደባለሁ፣ በሶማሊኛ እምላለሁ። የምድር ባቡር ሠራተኞች ቱታቸውን ሳያወልቁ መጥተው እንባቸው እስኪፈስ ይስቁ ነበር። መጋላ ገበያ ስገባ ጀማል ብሎ የሚጠራኝ የለም፤ «ሙሴ ቢኬ፣ አቦ፣ ዛሬ ምን በላህ?» ነበር ሰላምታዬ።

ደርግ ሲመጣ ግሪኩ ባለቤት አገር ጥሎ ሄደ፣ ሲኒማ ቤቱ ተወረሰ፣ ፍየሉ ግን ቀረ። አዲስ ፊልም ስለማይገባ ያንኑ የተቧጨረ ጥቅልል እየደጋገምን እናሳያለን። አንድ እሑድ ፍየሉ ከግድግዳ ላይ ወረቀት ቦጭቆ ሲውጥ ከአፌ አመለጠኝ፦ «አዋጁን ዋጠው! ሳያነብ! ልክ እንደኛ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ከሳቁት አንዱ ግን በማግሥቱ ቀበሌ ሄዶ ተናገረ።

«ፍየሉ ማን ነው?» አለኝ ሊቀመንበሩ።

«ፍየል ነው፣ ጓድ።»

«ማንን ነው የሚወክለው?»

«ፍየሎችን መሰለኝ።»

«ትቀልዳለህ?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሥዕል እኮ ነው። ፈረንጅ የሳለው።»

«አየህ!» አለና ወደ ጸሐፊው ዞረ። «የኢምፔሪያሊስት ፍየል ብለህ ጻፍ።»

ጸሐፊውም ጻፈ። ወላሂ ጻፈ! ፊልሞቹን ወሰዱ፤ እኔም በየሳምንቱ እየቀረብኩ እንድፈርም ታዘዝኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ «ሐሙስ ጠዋት ቅያሪ ልብስ ይዘህ ቅረብ» የሚል ወረቀት መጣ። ቅያሪ ልብስ ይዞ የቀረበ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ለድሬ ሰው አይነገርም። ረቡዕ በስምንት ሰዓት ወጣሁ።

ከጅቡቲ ዕቃ የሚያመላልሱ ሴቶች ተሸካሚያቸው አስመስለው ድንበር አጠገብ እስካለችው አይሻ በባቡር ወሰዱኝ። ከዚያ አንድ ግመል ነጂ ሽማግሌ ተከትዬ በረሃውን በእግሬ ገባሁበት። ድንጋዩ ጥቁር ነው፣ ጥላ የሚባል ነገር አልተፈጠረበትም። በሁለተኛው ቀን «ድንበሩ የቱ ጋ ነው?» ብላቸው ሽማግሌው ሳቁብኝ። «ወሪያ፣ ትናንት አልፈነዋል። ድንበር የሚታየው ወረቀት ለያዘ ሰው ነው» አሉኝ።

እኛ ድሬዎች በሙቀት የምንኮራ ነን። ጅቡቲ ስደርስ አፈርኩ። የድሬ ሙቀት እንግዳ ነው፤ ይመጣል፣ ሲመሽ የደቻቱ ወንዝ ነፋስ ይሸኘዋል። የጅቡቲው ባለቤት ነው፤ ከቤት አይወጣም። ቁርስ ፋጢራና በወተት የፈላ ሆጃ የለመደ አፍ ደረቅ ባጌት ዳቦ በሻይ ሲያገኝ እንዴት እንደሚከፋው አትጠይቁኝ። ሰዉ ደግሞ ሶማሊኛዬን ሲሰማ ወንድሜ ይለኛል፤ ከየት እንደመጣሁ ሲሰማ በፈረንሳይኛ «ሬፉጄ»፣ ስደተኛ፣ ይለኛል። ሁለቱም በአንድ አፍ፣ በአንድ ደቂቃ።

የስደተኛ ካርድ የሚሰጠው ሹም ዘንድ ቀረብኩ።

«ሥራህ?»

«ድምፅ ነኝ።»

«የምን ድምፅ?»

«የፍየል።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ፍየሎችህ የት አሉ?»

«አንድ ነው። እሱም ታስሯል።»

«እረኛ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ደግሞ «ለእረኛ ከተማ ውስጥ ሥራ የለም፣ ካምፕ ሂድ» ብሎ ወረቀቴን መለሰልኝ። በአገሬ ፍየሌ ኢምፔሪያሊስት ተባለ፣ በሰው አገር እኔ እረኛ ተባልኩ። አንዳቸውም ፍየሉን አላዩትም!

ካምፕ አልሄድኩም። ሐሊማ የምትባል ሴት ጣሪያዋን አከራየችኝ። ጣሪያ ስል ክፍል እንዳይመስላችሁ፤ ጣሪያውን ነው። «ፀሐይ ሲወጣ ያቃጥላል እኮ» ብላት፣ «ታዲያ ፀሐይ ሳይወጣ ተነስ» አለችኝ። ግቢዋ ውስጥ ቴሌቪዥን ነበራት፤ ማታ ማታ የሰፈሩ ልጆች ይሰበሰባሉ። አንድ ምሽት ከጣሪያዬ ቁልቁል ሳይ ባርኔጣውን ለየሁት።

ሙሴ ቢኬ! በከለር!

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ሐሊማ «ጅን ያዘህ?» አለችኝ። አጥንቱ የወጣው ፍየሌ ወፍሯል። ጫማ አድርጓል። ጥርሱ ነጭ ነው፤ እየበላ ሳይሆን እየሳቀ። ደግሞ ያወራል! አፉን ሳይዘጋ በፈረንሳይኛ ይለፈልፋል፤ እጅ ታጠቡ፣ ትምህርታችሁን አጥኑ ይላል። መጨረሻ ላይ አንድ ቆርቆሮ አንስቶ የላም ወተት ዱቄት ያስተዋውቃል። ፍየል! የላም! በሳምንቱ ገበያ ወጥቼ ሳይ ነጠላ ጫማ ላይም፣ ካናቴራ ላይም፣ የተማሪ ቦርሳ ላይም አለ። እኔ ለሱ ብዬ አገሬን አጣሁ፤ እሱ በየሱቁ ተንጠልጥሎ ይስቃል።

ያኔ ነው ሐሊማ የዱቄት ወተቱ ወኪል ሦስት ቋንቋ የሚችል ሰው እንደሚፈልግ የነገረችኝ። ሄድኩ። ርቦኝ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። በዚያ ሙቀት ከረባት ያሠረ ሰው ተቀበለኝ።

«ይህን ፍየል አውቀዋለሁ» አልኩት። «ድምፁ እኔ ነኝ።»

«ደህና። ግን አሁን ወረቀት አይበላም፣ ያነባል። አንተም የተጻፈውን ታነባለህ፤ አንዲት ቃል አትጨምርም።» የስደተኛ ካርዴን እሱ አስጨረሰልኝ። እረኛነቴ በአንድ ስልክ ተፋቀ።

ስደተኛ በሞላበት ሰፈር፣ መኪና ላይ ቆሜ፣ በድምፅ ማጉያ አነበብኩ። «የእናት ጡት ይደክማል፣ ሙሴ ቢኬ አይደክምም» ይላል ወረቀቱ። በሦስት ቋንቋ አልኩት። ከሕዝቡ መሐል አንዲት ሴት አራስ ልጅ አዝላ እየገፋች መጣች። ዘይነባ ትባላለች፣ የድሬ፣ የደቻቱ ሰፈር ልጅ ናት።

«አንተ! የሲኒማ ቤቱ ጀማል አይደለህም?» አለችና አለቀሰች። አገሯን ያየች መሰላት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጡቴ ወተት አለው፤ ግን ከሳሁ፣ ለልጅቷ የማይበቃት እየመሰለኝ እፈራለሁ። ዱቄቱ ይሻላታል ትለኛለህ?» አለችኝ።

ከረባታሙ ከኋላዬ ቆሟል። ወረቀቱን አየሁ። «ይሻላታል» አልኳት።

ሳምንታት አልፈው ዘይነባን የወኪሉ ሱቅ በር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ልጅቷ እቅፏ ውስጥ የአሮጊት ፊት ይዛለች፣ ለማልቀስ እንኳ አቅም የላትም። ቆርቆሮው ውድ ስለሆነባት ዱቄቱን አቅጥና፣ ያውም ባልፈላ የበርሜል ውሃ ታጠጣት ነበር። ጡቷ ደርቋል። ልጅቷን ተቀብዬ ወደ ክሊኒክ ሮጥኩ። ነርሷ ዓይኗን አፍጥጣ «ጡት የምታጠባ እናት ይህን ያስጀመራት ማን ነው?» አለች። ልጅቷ ከስንት ቀን በኋላ ዓይኗን ገለጠች፣ አልሐምዱሊላህ፣ ተረፈች። ዘይነባ አልጮኸችብኝም። «ካድሬ ቢነግረኝ አልሰማም ነበር» አለችኝ። «ያንተ ድምፅ ሆኖ ነው።»

እስከ ዛሬ ቀበሌው ያለኝ ሁሉ እንደዚያ አላመመኝም።

በማግሥቱ መኪናው ላይ ወጣሁና ወረቀቱን አጠፍኩት። «እናቶች፣ ጡታችሁ ወተት ካለው አትተዉት» አልኩ። «ውሃ የማታፈሉ ከሆነ ይህን ቆርቆሮ አትንኩ። አንዲት የደቻቱ እናት ልጇ ምን እንደሆነችባት አይቻለሁ!» በአማርኛ ጨርሼ በኦሮምኛ ስጀምር ከረባታሙ ሽቦውን ነቀለው። በሶማሊኛ ያለ ማጉያ ጮህኩ። ሥራውም ሄደ፣ የስደተኛ ካርዴንም «አይታደስም» አሉኝ። «ለምን?» ብል፣ «የሚቀጥርህ የለማ» አለኝ ያው ሹም። አሁን ወደብ ላይ ዓሣ አራግፋለሁ፤ ፖሊስ ሲመጣ ከሣጥኖቹ ኋላ እገባለሁ።

ባለፈው ወር ፖስታ ቤት ሄጄ ድሬ ደወልኩ። ስልኩ ያለው ጎረቤት ቤት ነው፤ ፈቲያን ጠሯት። እየሮጠች መጥታ ትንፋሿ ይቆራረጣል።

«ጀማሌ! ወለድኩ እኮ! ወንድ! አርባ ቀኑ ነው!»

ሳቅኩ፣ አለቀስኩ፣ ስሙን ጠየቅኳት። በኔ ስም እንደጠራችው ነገረችኝ።

«ስለ ወተት አታስብ» አለችኝ። «ያንተ ፍየል መጥቷል! ሴቶቹ በኮንትሮባንድ አስገብተውት መጋላ ሞልቷል፣ ሳቢያን ሰፈር ሁሉ ሰው የሚገዛው እሱን ነው። ቆርቆሮው ላይ ሳየው ሳምኩት። ወንድሜ የላከልኝ ነው የመሰለኝ።»

«ፈቲያ፣ አትስጪው! ጡትሽ ወተት አለው ወይ? ስሚኝ፣ ጡትሽን ስጪው!»

«ምን? አልሰማህም፣ ጩህ!»

«ፍየሉን እንዳታምኚው!»

«ፍየሉማ አለ፣ ሁለት ገዝቻለሁ…»

መስመሩ ጮኸና ተቋረጠ። ከመስኮቱ ኋላ ያለችው ልጅ የድሬ መስመር ተበላሽቷል፣ ነገ ና አለችኝ። በነጋታው ሄድኩ፣ ነገ አለችኝ። ዕቃ ለሚያመላልሱት ሴቶች መልእክት ሰጠሁ፤ አንዷ ግን እየሳቀች «እኛ የምንሸጠውን አትግዢ ብለን እንንገርልህ?» አለችኝ። ደብዳቤ ጽፌ ለሌላዋ ሰጠሁ። መልስ የለም።

ዛሬም ከሥራ በፊት ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነኝ። አልተከፈተም። ልጁ አሁን ሁለት ወር አልፎታል።