የአባቴ እንግሊዝኛ

አባቴ እንግሊዝኛ አንድም ቃል አያውቁም ነበር። እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ ግን እርሳቸው ናቸው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። በዚያ ጊዜ ሌላ አስተማሪ ከየት ይመጣልኝ ነበር?

ትምህርት ቤታችን ሲዘጋ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ልገባ ነበር። ከአርብ ገበያ ወዲያ ያለው መንገድ ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ ይዘጋል፤ ተኩስ የሚሰማበት ቀን እየበዛ ሄደ። መምህራኑ አንድ ባንድ ወደየአገራቸው ገቡ። የእንግሊዝኛ መምህራችን ሊሄድ ሲል የራሱን የመለማመጃ መጽሐፍ ሰጠኝ። ሽፋን የለውም፤ አንዳንዱን ገጽ አይጥ በልቶታል። ግማሹ ስለ ረዳት ግሶች ነው፤ መስት፣ ካን፣ ሹድ፣ ማይት ስለሚባሉት። የቀረው አድራጊው ሳይጠራ የተደረገው ብቻ ስለሚነገርበት አረፍተ ነገር ነው። «ፈተና ላይ የሚበዛው ይኸ ነው፤ ይኸን ከያዝሽ አትወድቂም» አለኝና ሄደ። ፈተናው መቼ እንደሚሰጥ እሱም አያውቅም።

አባቴ የድጓ መምህር ነበሩ። የድጓ ምስክር ከሚሰጥባት ከቤተ ልሔም ደብር ተምረው፣ እዚያው አስመስክረው፣ ከዚያ ወዲህ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነበር የሚለዩት፤ ለድጓው ግን ዓይን አላስፈለጋቸውም፣ ሁሉም በቃላቸው ነው። በዚያ ዓመት የእርሳቸውም ተማሪዎች ተበተኑ። ከእስቴና ከስማዳ የመጡት መንገዱን ፈርተው ሄዱ፣ አዲስ የሚመጣም ጠፋ። የተማሪ ጎጆዎቹ ባዷቸውን ቀሩ። አባቴ ጠዋት ጠዋት ከወይራው ሥር ከለመዱት ድንጋይ ላይ ይቀመጡና ጆሯቸውን ወደ ጎጆዎቹ ያዘነብላሉ። ይህን ማየት ደሜን ያፈላው ነበር፤ በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም።

አንድ ጠዋት መጽሐፌን ይዤ ስነጫነጭ ሰሙኝ።

«ምን ሆነሻል?»

«አልያዝ አለኝ፣ አባባ።»

«እንዴት ይያዝ! በዓይንሽ ብቻ'ኮ ነው የምትማሪ። ነይ ተቀመጭ። አንች አንብቢልኝ፣ እኔ ልያዘው። ከዚያ እኔ ስመራ ትቀበያለሽ።»

ሳቄ መጣ። «እንግሊዝኛ'ኮ ነው፣ አባባ!»

«ቃል አይዶለም? ቃል ከሆነ ይያዛል።»

ቅጸላ ይሉታል። መምህሩ ይመራል፣ ተማሪው ይቀበላል፤ አንድ ነገር ከተፋለሰ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። አነበብሁላቸው፤ በማግስቱ መሩኝ። አነጋገራቸውን እንግሊዝ ቢሰማው የገዛ ቋንቋው መሆኑን የሚያውቅ አይመስለኝም። ዜማም ጨመሩበት። ግዴታ የሆነውን፣ «መስት» ያለበትን፣ በደረቁ በግዕዝ ዜማ ያወርዱታል። ይሆንም አይሆንም የሚለውን «ማይት» ደግሞ በአራራይ ያለሰልሱታል። አንድ ቄስ በግቢያችን ሲያልፉ ሰምተው ቆሙና፣ «የኔታ፣ ይኸ የምን ልሳን ነው?» ብለው አማተቡ። አባቴ፣ «የልጄ ትምህርት ነው፤ ይስሙና ይለፉ» አሏቸው። ትርጉሙን ልነግራቸው ስል ግን እጃቸውን ያነሣሉ። «ቆይ፤ ዜማው ይቅደም፣ ትርጓሜው ኋላ ይመጣል።» እርሳቸው በተማሩበት ቤት ሥርዓቱ እንዲያ ነው።

እኔ ግን የምቸኩልበት ምክንያት ነበረኝ። ከወገዳ ሽማግሌ ተልኮብኛል፤ ለአንድ ባለሱቅ ልጅ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤታችንን የያዘችው አክስቴ፣ የአባቴ ታናሽ እኅት፣ ነገሩን ወዳዋለች። ምስር እየለቀመች፣ «ዘመኑ ሴት ልጅ ቤት አስቀምጠው እንቅልፍ የሚተኙበት ነው ወይ? ባሏ ይጠብቃት» ትላለች። ክፉ ሆና አይደለም፤ ፈርታ ነው። አባቴ ለሽማግሌዎቹ የሰጡት መልስ አጭር ነበር። «ተማሪ ናት። መጽሐፏን ሳትጨርስ ከመምህሯ አትነጠቅም።» የካህን ቃል ነውና አልተከራከሩም። «እንግዲያስ ስትጨርስ እንመለሳለን» ብለው ሄዱ። እኔ ደግሞ መጽሐፉን ቶሎ ጨርሼ፣ ፈተናውን አልፌ፣ ከዚህ ሁሉ ልውጣ ብዬ ቆረጥሁ።

አባቴ አላስጨርስ አሉኝ።

ነገሩ የመጣው አይጥ ከበላው ገጽ ነው። እዚያ ገጽ ላይ «በሽተኛው ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት» የሚል አረፍተ ነገር አለ፤ ከሥሩ «በሩ መዘጋት አለበት» የሚል። መካከሉ ተበልቶ ስለ ነበር የአንዱን ራስ ከሌላው ጅራት አገናኝቼ፣ «በሽተኛው መዘጋት አለበት» ብዬ አነበብሁላቸው። ኋላ ከመጽሐፉ መጨረሻ ካለው መልስ ጋር ሳስተያይ ስሕተቱን አገኘሁትና አቃንቼ አንድ ጊዜ አነበብሁ። «ተይ» አሉኝ። «አንዴ ከአፍ የወረደ ቃል አይነካም።» ሲመሩ የተበላሸውን ይመራሉ፤ እኔ የተቃናውን እቀበላለሁ። «አፋለስሽው» ይሉኛል፤ እንደገና ከመጀመሪያው እንነሣለን።

በዚህች መስመር ላይ ቆመን ገብሱ ታጨደ፣ ተወቃ፣ ጎተራ ገባ። አንድ ቀን ገነፈልሁ።

«በሽተኛ ይዘጋል እንዴ? ሰው'ኮ በር አይዶለም! እንዲህ ብዬ ብፈተን መሣቂያ ነው የምሆነው!»

መጽሐፉን መሬት ላይ ጣልሁት። አባቴ አልተቆጡም። በእጃቸው ዳብሰው አነሡት፣ አፈሩን አራገፉ። «በይ፣ ከመጀመሪያው» አሉኝ።

ሽማግሌዎቹ ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ። እኔ ጓዳ ሆኜ አዳምጣለሁ።

«የኔታ፣ እንግዲህ መቼም ጨርሳ ይሆናል።»

«ገና ናት» አሉ አባቴ፣ አፋቸውን ሞልተው። «አንዲት መስመር አልቃና ብላታለች። ያልተቃና ተማሪ አሰናብቼ እንደማላውቅ ታውቃላችሁ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። መስመሯን አላቃና ያሏት እርሳቸው ነበሩ። ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣብኝና አፌን በነጠላዬ ያዝሁ። እኔ ከቤቱ ለመውጣት ስጣደፍ እርሳቸው በዚያች በተበላሸች መስመር በሩን ይዘውልኝ ነበር። በማግስቱ «አፋለስሽው» ሲሉኝ ሳልነጫነጭ፣ «እሽ አባባ፣ ከመጀመሪያው» አልኋቸው። ፈገግ አሉ። ስለ ነገሩ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ክረምቱ ሲገባ አባቴ ታመሙ። እንደ ጉንፋን ጀምሮ ደረታቸው ላይ ወረደ። በአካባቢያችን ያለችው ጤና ኬላ መድኃኒት የላትም፤ የነበረችው ባለሙያም ሄዳለች። ነፋስ መውጫ ሐኪም ቤት ይድረሱ ተባለ። መኪና የለም። ጎረቤቶቻችን ቃሬዛ ሠርተው በዝናብ ተሸክመዋቸው ወጡ፤ ቀኑ ሳይመሽ ከነቃሬዛው ይዘዋቸው ተመለሱ። «ተከለከልን» አሉን። ማን እንደ ከለከላቸው አልነገሩንም፣ እኛም አልጠየቅንም። በእኛ አገር በዚህ ዘመን አድራጊው አይጠራም። አባቴን ከመደባቸው ላይ መልሰን አስተኛናቸው። እኔ ጭቃ የነካውን እግራቸውን አጠብሁ።

በማግስቱ ትኩሳቱ ባሰ። እኔና አክስቴ አጠገባቸው ተቀምጠናል። ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ተቀበይ» አሉኝ። ድጓ የሚመሩ መስሎኝ ነበር። ድምፃቸው ደክሟል፤ ዜማው ግን ያው ደረቁ ነው።

«ዘ ሲክ ማን መስት ቢ ቴክን ቱ ሆስፒታል።»

የተቃናው ነው። አንድም ቃል አልጎደለበትም። አንድ ጊዜ ያነበብሁላቸውን ይዘውት ኖረዋል። እንደ ምንም ተቀበልሁ። እንደገና መሩ፣ እንደገና ተቀበልሁ። «አፋለስሽው» አላሉኝም።

አክስቴ፣ «ምን የሚል ጸሎት ነው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ጸሎት አይደለም። በሽተኛው ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት ነው የሚለው።»

ፊቷ ተለዋወጠ። «እሱ ያውቀዋል?»

«የተበላሸውን እንጅ የተቃናውን አያውቁትም። ትርጓሜው ጋ አልደረስንም ነበር።»

አክስቴ ጉልበቷን አቀፈች። አባቴ አሁንም መሩ፣ አሁንም ተቀበልሁ። በመጨረሻ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች።

«ወንድምዓለም፣ መስመሯ ተቃናች አይዶለም? ልጅቱ ጨረሰች?»

አባቴ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ «ገና ናት» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ሲናገሩ አልሰማኋቸውም። ጠዋት አረፉ። ተማሪዎቻቸው ባለመኖራቸው በቀብራቸው ላይ የቆመው ካህን ጥቂት ነበር፤ ለአንድ የድጓ መምህር እንዲያ ያለ ቀብር አይገባም ነበር። ዛሬም ሳስበው ያቃጥለኛል።

አርባቸው ከወጣ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ለቅሶ ሲደርሱ ነገሩን አላነሡትም፤ ጨዋ ሰዎች ናቸው። አሁን ግን ለጉዳያቸው ነው የመጡት። በቤቱ መልስ የሚሰጥ ወንድ የለም። ጓዳ ሆኜ አዳምጣለሁ። አክስቴ ስትመኘው የኖረችው ቀን ይኸው ደረሰላት ብዬ፣ የማልወስደውንና የምወስደውን ልብስ በልቤ መለየት ጀምሬያለሁ።

«የኔታ ነፍሳቸውን ይማር» አሉ ታላቁ ሽማግሌ። «መምህሩ ካረፉ ተማሪነቱም አበቃ። እንግዲህ ምን ትጠብቃለች?»

አክስቴ ቀና አለች።

«ገና ናት» አለች።

«አንች ደግሞ! ማን ሊያስጨርሳት ነው?»

«የሟች ቃል ነው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ቃሉን አላጥፍም። ገና ናት።»

አጉረመረሙ፣ ዱላቸውን አነሡ፣ ወጡ። ፈተናው ይኸን ስጽፍም አልተጠራም፤ ትምህርት ቤቱም እንደ ተዘጋ ነው። ያን ዕለት ግን ሽማግሌዎቹ ከዓይን ሲሰወሩ አክስቴ ወጥታ ከወይራው ሥር፣ ከአባቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ፊደል አልቆጠረችም፤ በሕይወቷ መጽሐፍ ይዛ አታውቅም። እንባዋን በመቀነቷ ጫፍ ጠረገችና ጠራችኝ።

«ነይ፣ አንብቢልኝ። ቀስ በይ እንጅ፤ እኔ እንደ እሱ ቶሎ አልይዝም።»