የአውሮፕላን ሜዳው ጭስ

ልጅ ሳለሁ፣ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ተረቱ ይቋረጥ ነበር። ሼፈርድስ ቡሽ የነበረችው ፍላታችን ወደ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ በሚወርዱት መንገድ ሥር ነበረች፤ አያቴ የተረቱን ጅብና አህያ መሀል መንገድ ላይ ጥለው ድምፁ እስኪርቅ ያዳምጣሉ። ያኔ የሂተሩ ቀይ ሽቦ ፊታቸውን እንደ ፍም ያበራው ነበር፤ እኔ ግን የሚታየኝ ጅቡ ብቻ ነው።

አንድ ምሽት ተረቱ ጥሞኝ ግሪል ላይ የተውኩትን ዳቦ ረሳሁት። ጭሱ በኩሽናው መስኮት ሲወጣ አውሮፕላን ደረሰ። ክፉ ቃል ተናግረውኝ የማያውቁት አያቴ በጥፊ አጋደሙኝ፤ የሚነደውን ዳቦ ከነትሪው ግድግዳ ላይ ወረወሩት። መስኮቱን ሊዘጉት በክርናቸው ሲገፉት መስታወቱ ረገፈ፤ ክንዳቸው ደም በደም ሆነ።

እናቴ ሮጣ መጣች። «አባዬ፣ ምን ነካዎት? ዳቦ እኮ ነው ያረረው።»

«ያየናል» አሉ፣ ወደ አውሮፕላኑ ድምፅ ሽቅብ እያዩ።

ክንዳቸውን ስታስርላቸው ነገሩን። በጎረምሳነታቸው የንጉሡ አውሮፕላኖች የሚያርፉበት ሜዳ ሠራተኛ ነበሩ። የንጉሡ መንግሥት አንድ ሐሙስ ቀርቶታል፤ አውሮፕላኖቹ በጣት የሚቆጠሩ፣ ግማሾቹም የማይነሡ ናቸው። የአያቴ ሥራ የሞተር ድምፅ ሲሰሙ እርጥብ ቅጠል አጭሰው ለነጂው የነፋሱን አቅጣጫ ማሳየት ነው። ጭሱ ሲታይ አገሬው ሥራውን ጥሎ አውሮፕላን ሊያይ ይሰበሰባል። ጣሊያን በገባ ጊዜ አንድ ጠዋት ድምፅ ሰሙና አነደዱ። ሰዉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ቦምቡ እላዩ ላይ ወረደ።

«እህቴን በአልቦዋ ነው የለየኋት። አልቦ ያለበትን እግር ቀበርኩ፤ ሌላውን አላገኘሁም።»

ምላሴ ያኔም አያርፍም። «አባባ፣ የጣሊያን አውሮፕላን ድምፅ አይለይም ነበር?»

እናቴ በዓይኗ ልትገድለኝ ደረሰች። እሳቸው ግን «ይለይ ነበር» አሉ። «እህቴ አውሮፕላን አይታ አታውቅም። አሳይሻለሁ ብያት ቸኮልኩ።»

ከዚያ ወዲህ ተረት አልነገሩኝም፤ ጅቡም መንገድ ላይ ቀረ።

ካደግሁ በኋላ ስለዚያ ዘመን የአየር ጦር የተጻፈውን ከላይብረሪ እያወጣሁ አነበብኩ። ጸሐፊዎቹ የሞተሩን ጉልበትና የነጂውን ጺም ሳይቀር ይዘረዝራሉ፤ ጭስ የሚያነድ ሰው ግን አልታያቸውም። እኔ ዛሬም ዳቦ ሲያርርብኝ መስኮት አልከፍትም። ዓይኔ በጭሱ እየተቃጠለ፣ የሚያልፈው አውሮፕላን ድምፁ እስኪርቅ ቆሜ አዳምጣለሁ።